እንቢ ያለ ሰው ነገ ሥራው ላይ ይገኛል ወይ?

(ጎንደር ከተማ ውስጥ በተካሄደ የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ያደረጉት ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

እንደምን አረፈዳችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እናንተ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ከፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ ግቡ። ጎንደሬ ደግሞ መቼ ነው የፊት ወንበር መፍራት የጀመረው? እሺ፣ ጎሽ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የሥልጣን ክፍፍልና የእርስ በርስ ቁጥጥር» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ? ይህን ርዕስ ሰምቶ ያላዛጋ ሰው ካለ የሕግ ተማሪ ነው። እሱም ፈተና ስላለበት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነጥብ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ነገሩ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እኛ አገር እንዴት ሲሆን ኖረ? ሦስተኛ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈው መሬት ላይ የሚቆመው በምንድን ነው? ልቤ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ። ከቻልኩ ማለቴ ነው። ጡረተኛ ዳኛ ማይክ ከያዘ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

አንደኛው ነጥብ። መንግሥት ሦስት ሥራ አለው። ሕግ ያወጣል፣ ሕጉን ያስፈጽማል፣ ሰው ሲካሰስ ደግሞ በሕጉ ይዳኛል። ሦስቱን አንድ ሰው ጠቅልሎ አይያዛቸው ነው ነገሩ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሁላችሁም እድር አላችሁ አይደል? የእድሩ ሰብሳቢ ገንዘቡንም ይያዝ፣ ደረሰኙንም ይቁረጥ፣ ሒሳቡንም ራሱ ይመርምር ብንል ማን እሺ ይላል? ሰውየው ጻድቅ ቢሆንስ? አሁንም እሺ አንልም። ሌባ ነው ብለን አይደለም። ሰው ስለሆነ ነው። ታዲያ ለድንኳንና ለብረት ድስት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ፣ ለአገር ሲሆን ምን ነካው?

ይህን ሐሳብ አጥርቶ የጻፈው ፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ ነው፤ በ1741 ዓ.ም.። በዚያን ጊዜ እዚህ ጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው ነበር። መንግሥቱን ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ነበር የሚመሩት። አሜሪካኖቹ ነፃ አገር የመሠረቱት ገና ከዚያ በኋላ ነው።

መከፋፈሉ ብቻውን ግን አይበቃም። ሦስቱ ተለያይተው በየቢሮአቸው በር ዘግተው ቢቀመጡ ምን ዋጋ አለው? አንዱ ሌላውን መጠየቅ አለበት። መንግሥት ብር ማውጣት ሲፈልግ ምክር ቤቱ በጀቱን ያጸድቅለት። ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ሕግ ካወጣ የሚሽርበት አካል ይኑር። ዳኛው ጉቦ ከበላ የሚጠይቀው ጉባኤ ይኑር። ማንም ተነሥቶ «ከእኔ በላይ ጠያቂ የለም» አይበል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ ከተማ ቆሞ ስለ ሥልጣን አውርቶ ግንቡን ሳይጠቅስ የሚወርድ ሰው ይታዘቡታል።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ችሎት ሲቀመጥ ዳኞቹ ሐሳብ የሚሰጡት ከታች ወደ ላይ ነበር። በማዕረግ ታናሽ የሆነው መጀመሪያ ይናገራል። ከዚያ ከእሱ ከፍ ያለው። ከዚያ ደግሞ ከፍ ያለው። ትልልቆቹ ሹማምንት ወደ መጨረሻ ይመጣሉ። ንጉሡ ከሁሉም በኋላ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ንጉሡ ከተሸፈነ ቦታ ሆኖ ክርክሩን እንደሚሰማ፣ ቃሉንም ቃለ ዓፄ የሚባል ሹም እንደሚያደርስለት ጽፎ ትቶልናል።

ለምን ይመስላችኋል ከታናሹ የሚጀመረው? ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ምን ሊል ነው? «እንደ ጌታዬ» ነው የሚለው። ሌላ ምን ይላል? አባቶቻችን ይህን ዐውቀውት ነበር። አሁን የእኛን ስብሰባ እዩት እስቲ። መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው? አለቃው። ከዚያስ? «አለቃችን እንዳሉት...» እያለ አንድ ባንድ ይቀጥላል። ማታ ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይባላል። በዚህ በዚህ እንኳ ከግንቡ ዘመን ወደ ኋላ ተመልሰናል።

ግን ግንቡን ሳሞግስ ነገር እንዳልሸፍንባችሁ። የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነበር። ዳኞቹ ሁሉ ቢስማሙም ንጉሡ መገልበጥ ይችላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለው ሕዝብ ዝም ብሎ ግጥም አማረኝ ብሎ አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው።

አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ «ጋሼ፣ ሥልጣን ሲከፋፈል አገር ይበተናል፤ ዘመነ መሳፍንትን አያዩም?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደሉ። ከዚያ ወዲያ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ድረስ ግንቡ ውስጥ የተቀመጠው ንጉሥ ስም ብቻ ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ያኔ የተከፋፈለው አገሩ ነው። የመንግሥት ሥራ አልተከፋፈለም። እያንዳንዱ መስፍን በግዛቱ ሕግ አውጪም እሱ፣ ግብር ሰብሳቢም እሱ፣ ፈራጅም እሱ ነበር። አንዱ ንጉሥ ተሰብሮ ብዙ ትንንሽ ንጉሥ ወጣው። ዛሬም «ሥልጣን ወደ ታች ወረደ» ሲባል የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሥልጣን ወረዳ ደርሶ ወረዳ ላይ መልሶ አንድ ሰው እጅ ከገባ ምን ተለወጠ?

ከዚያስ? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የፍርድ ሚኒስትሩ አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። አፈ ንጉሥ ደግሞ ከንጉሡ በታች የዳኞች ሁሉ አለቃ ነው። ሚኒስትርም እሳቸው፣ ዋና ዳኛም እሳቸው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት መጣ። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። እስከ 1950 ዓ.ም. ገደማ ምርጫ ድረስ ግን ሕዝቡ አንዱንም አባል አልመረጠም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች ነፃ ናቸው አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ግን እንዳለ ቀጠለ። ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ጃንሆይ ዘንድ ሄዶ ይጮኻል። ጃንሆይ ከወደዱ ይሰሙታል። መልካም ልብ ካላቸው እሰየው። ከሌላቸውስ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገርማችሁ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ትልልቅ መሪዎች ከሥልጣን መውረጃ መንገድ ላይ ነበሩ። አንዱ አሜሪካ፣ ሪቻርድ ኒክሰን። አንዱ እኛው ዘንድ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ። ኒክሰን ቢሮው ውስጥ የተቀዳ ቴፕ አልሰጥም አለ። በሐምሌ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ሆኖ «አምጣ» ብሎ ፈረደ። ከስምንቱ ዳኞች ሦስቱን የሾማቸው ማን መሰላችሁ? ራሱ ኒክሰን! ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛም የእሱ ሹም ናቸው። ቴፑ ወጣ፣ ምክር ቤቱ ሊከሰው ተዘጋጀ፣ ነሐሴ 3 ቀን ለቅቆ ቤቱ ገባ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

እኛ ጋስ? ከአንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱን ወታደሮች በቮልስዋገን ጭነው ወሰዷቸው። ኅዳር 14 ሌሊት ደግሞ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች፣ ሚኒስትሮቹም ጄኔራሎቹም፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሥ የማይከሰስበት አገር፣ ንጉሥ በሕግ የሚወርድበት መንገድም የለውም። በጠመንጃ ይወርዳል። ያወረደው ደግሞ ቦታውን ይወርሳል። በ1980 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲወጣ ብሔራዊ ሸንጎ ተባለ፣ ምርጫ ተባለ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን ፕሬዚዳንትም፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥም፣ የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ ዋና ጸሐፊም ነበሩ። ማን ማንን ይቆጣጠራል? ቀኝ እጅ ግራ እጅን?

በ1987 ዓ.ም. የመጣውን ሕገ መንግሥት ታውቁታላችሁ። ወረቀቱ ላይ ብዙ መልካም ነገር አለ። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። አንቀጽ 78 የዳኝነት ሥልጣንን ከፍርድ ቤት የሚነጥቅ ልዩ ፍርድ ቤት አይቋቋምም ይላል። አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ አይመራም ይላል። አንድ ብቻ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕግ ባለሙያ ያለበት 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ አለ፤ አጥንቶ የሚያቀርበው ግን ለፖለቲከኞች ነው። በዚህ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬ አልጀምረውም።

ሦስተኛው ነጥብ። ወረቀቱ ካለ፣ ለምን ነገሩ ሳይሠራ ይቀራል?

እኔ ብዙ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። አንድ አገር የሥልጣን ክፍፍል አለው የለውም የሚለውን ለማወቅ ሕገ መንግሥቱን ብቻ አታንብቡ። አንድ ነገር ጠይቁ። ባለሥልጣንን «እንቢ፣ ሕጉ አይፈቅድም» ያለ ሰው ነገ ጠዋት ሥራው ላይ ይገኛል ወይ? ዳኛው፣ ኦዲተሩ፣ የምክር ቤት አባሉ፣ የወረዳዋ ገንዘብ ያዥ። ነገ ጠዋት ወንበሩ ላይ አለ ወይ?

ወጣት ዳኛ ሳለሁ አንድ ወረዳ ተመድቤ ነበር። የትኛው እንደሆነ ተዉት። አንድ ተጠርጣሪ ቀረበልኝ፤ ሕጉ ዋስትና ይፈቅድለታል። ከመሰየሜ በፊት ከአስተዳደሩ በኩል ስልክ ተደወለ። «ሰውየው ቢቆይ ጥሩ ነው» አሉኝ። በትሕትና ነው ያሉኝ። እኔም በትሕትና «መዝገቡን አይቼ እወስናለሁ» አልኩ። አየሁ፤ ዋስትናውን ፈቀድኩ።

ምን ሆንኩ? ምንም! ማንም አልሰደበኝም። ማንም አላሰረኝም። ወረቀት ብቻ ጠፋ። የፍርድ ቤታችን ወረቀትና ነዳጅ የሚያልፈው በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል ነበር። ጥያቄያችን ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ዛሬ ፈራሚው የለም፣ ነገ ማኅተሙ የለም። ውሳኔ የሚገለብጡት ጸሐፊያችን ባለጉዳዩን «ወረቀት ገዝተህ ና» ማለት ጀመሩ። ከገጠር በእግሩ የመጣ ገበሬ ፍርዱን ለመቀበል ሱቅ ሄዶ ወረቀት ይገዛል። እንግዲህ ዳኛ እንዲህም ይቀጣል። እና ከእኔ በኋላ የሚመጣው ዳኛ ስልኩ ሲደወል ምን ያስባል? ሕጉን? ወይስ ወረቀቱን?

አንቀጽ 79 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጀቱን ራሱ ለምክር ቤት አቅርቦ ያስወስን ያለው ለዚህ ነው። ሰው ያንን ንዑስ አንቀጽ እንደ ቢሮ ጣጣ ያየዋል። ለእኔ ግን ከብዙ ትልልቅ ቃላት ይበልጣል።

ሌላ ሰው ደግሞ ትዝ ይለኛል። ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። የእርሻ መሬታቸውን አንድ የቀበሌ ሹም ወሰደባቸው። ከሰሱ፣ ረቱ። ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ውሳኔውን በፕላስቲክ አስለብጠውታል፤ ዝናብ እንዳያበላሸው። «ጌታዬ፣ ፍርዱን አገኘሁ፤ መሬቱን ግን አላገኘሁም» አሉኝ። ፖሊስ ትዕዛዝ ይጠብቃል። አዛዡ ሰውየውን ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ብዕር እንጂ ፖሊስ የለኝም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚል ሕዝብ ልጅ ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው የተለበጠ ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ምን ይባላል? በስንት ደብዳቤ፣ በስንት ምልልስ መሬታቸው ተመለሰ። በዚያ መካከል የቀረባቸውን የእርሻ ወቅት ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

ይህ ነገር ወረዳ ላይ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። በ1993 ዓ.ም. የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ ያኔ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ቀረቡ። ዳኛዋ በዋስ ይለቀቁ አሉ። ሰውየው ከፍርድ ቤት ሲወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ምክር ቤቱ ደግሞ ወዲያው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ አወጣ። ተመልከቱ! ፍርድ ቤት ፈረደ፣ አስፈጻሚው አልተቀበለም፣ ሕግ አውጪው ለአስፈጻሚው ሕግ ሰፋለት። ሦስቱም አካላት አሉ፤ ሦስቱም ሥራ ላይ ነበሩ። ሁለቱ ግን አንድ እጅ ነበሩ።

ለምን አንድ እጅ ሆኑ? የእኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። ስለዚህ አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ሕግ አውጪውንም አስፈጻሚውንም ይይዛል። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እንግሊዝም እንዲሁ ነው። እዚያ ግን ፊት ለፊት የሚቀመጥ ተቃዋሚ አለ፣ መሪውን የሚያስቸግር የራሱ ፓርቲ አባልም አለ። የእኛ ምክር ቤት 547 ወንበር ነበረው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጭ የገቡት ሁለት ሰው ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ማንም አልገባም። ዜሮ! ታዲያ አንቀጽ 55 «ጠርቶ ይጠይቃል» ቢል ማን ነው ጠሪው?

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅንም ላንሣ። ለጎንደር ሰው ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታወጀ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ለአራት ወር ተራዘመ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ እንዲህ ያለ ጊዜም ጠያቂ ይኑር ይላል። አዋጁ ምክር ቤት ይቅረብ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጽደቅ፣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋም፤ የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያድርግ ይላል። ዘመድ የታሰረበት ሰው ይህን ቦርድ ያውቀዋል ወይ? እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን ስለ ቦርዱ ሰምተን የምናውቅ? እጅ አውጡ እስቲ። ... አያችሁ።

አሁን «ይኼ ለሀብታም አገር ነው፤ አፍሪካ ላይ አይሆንም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ጎረቤታችንን ኬንያን እዩ። ነሐሴ 26 ቀን 2009 ዓ.ም. የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ 4 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሰረዘ። «አሸንፏል» የተባለው ያኔ በሥልጣን ላይ የነበረው ኡሁሩ ኬንያታ ነው። ዋና ዳኛውን ዴቪድ ማራጋን የሾመውም እሱው ነው። ኬንያታ ተቆጣ፣ ዳኞቹን በአደባባይ ሰደበ። ግን ምርጫው ተደገመ። ዳኞቹም ወንበራቸው ላይ ቆዩ። ነገሩ በዚህ አበቃ? የለም። በቀጣዮቹ ዓመታት የፍርድ ቤቱ በጀት ተቆረጠ፤ ማራጋ ወጥተው በይፋ እስኪያማርሩ ድረስ። እዚያም ወረቀት ይጠፋል ማለት ነው! ልዩነቱ፣ ማራጋ አቤት የሚሉበት አደባባይና የሚጽፍላቸው ጋዜጣ ነበራቸው። እኔ ወረዳ ላይ ማን ነበረኝ?

ስለዚህ እናንተ ናችሁ። ሌላ የሚመጣ የለም። የወረዳችሁ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አለው፤ አስተዳዳሪው ሌላ ሰው ነው። አፈ ጉባኤው ማን እንደሆነ የምታውቁ ስንት ናችሁ? በጀት ሲጸድቅ ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ። ለፍርድ ቤቱ ስንት ተያዘ? ባለፈው ዓመት ኦዲተር ያገኘው ጉድለት ምን ደረሰ? የፌዴራሉ ዋና ኦዲተርም በአንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን ለምክር ቤት ያቀርባል። በቴሌቪዥን እናየዋለን፤ ይህን ያህል ብር አልተወራረደም፣ ያኛው ያለ ጨረታ ተገዛ ይባላል። እናዝናለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ይረሳል። በሚቀጥለው ዓመት ያው መሥሪያ ቤት፣ ያው ግኝት። ኦዲተሩ ድርሻውን ተወጥቷል። «ከባለፈው ግኝት የትኛው ተስተካከለ?» ብሎ መልሶ መጠየቅ የምክር ቤቱ ድርሻ ነው። ምክር ቤቱን የመረጠው ማን ነው?

ለእናንተ ለሕግ ተማሪዎች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ነገ ዳኛ ትሆናላችሁ። ስልክ ይደወላል፤ አትጠራጠሩ። የደወለውን ሰው ስም፣ ሰዓቱን፣ ያለውን ቃል ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሪፖርት አድርጉ። እናንተ ጎንደሮች ደግሞ የዳኛው ወረቀት ሲጠፋ ዝም አትበሉ። «እኔ ጉዳይ የለኝም» አትበሉ። የነገ ባለጉዳይ ማን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ሰዓት ያዧ ልጅ በጣቷ እያስፈራራችኝ ነው። እሺ እሺ፣ ጨርሻለሁ። ጥያቄ እንቀበል። ማይኩን ወደ ኋላ ውሰዱት፤ ከተማሪዎቹ ይጀመር። ትልልቆቹ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እናንተ ወደ መጨረሻ ናችሁ። አዎ፣ አንቺ፣ ነጭ ነጠላ የለበስሽው፣ ቀጥዪ።